የታጠቡት የራዲዮ አምፖሎች

ቆራሌ ይሉኛል። አይደለሁም። ቆራሌ ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል፤ ብረት ይሁን ጎማ፣ ጫማ ይሁን ጀሪካን ግድ የለውም፣ በኪሎ ይመዝነዋል። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በድሮ የእንጨት ራዲዮና በድሮ የድምፅ ማጉያ ውስጥ ያለውን፣ ሲሞቅ ሆዱ ውስጥ ፍም የሚመስል ነገር የሚቀላውን የመስታወት ዕቃ። ሰዉ የራዲዮ አምፖል ይለዋል። እኛ የምንነግድበት ቫልቭ እንለዋለን። ልዩነቱን ለከተማችን ለመካነ ሰላም ሰው ማስረዳት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ከወግዲ መኪና ስወርድ ያየኝ ሁሉ «ዛሬስ ስንት ቆርቆሮ ለቀምክ?» ይለኛል። «የአያትህን ጥርስ ለቅሜ መጣሁ» ብዬው አልፋለሁ።

ይሳቁ። አዲስ አበባ የሚፈልገው አለ። እዚያ የድሮ ሸክላ ማጫወቻና ማጉያ እየጠገነ ለሙዚቃ ወዳጆች የሚሸጥ ደንበኛ አለኝ። እነሱ ድምፅ በቫልቭ ሲያልፍ ይሞቃል ይላሉ። መጀመሪያ ይህን ስሰማ ሥራ የፈታ ሀብታም የሚያወራው ወሬ መስሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሱቁ ድረስ ሄጄ አንዱን ዘፈን ከፈተልኝ። ዘፋኙ ግጥሙን ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። ዞር ብዬ ከኋላዬ የቆመ ሰው ፈለግሁ። ከዚያ ወዲህ አፌን ዘግቼ ቫልቭ እፈልጋለሁ።

የምፈልግበት አገር ደግሞ ያስቃል። ማሻ ላይ አንዷን ራዲዮ የጨው ማስቀመጫ ሆና አገኘኋት። ደጎሎ ላይ ሌላዋ ውስጥ ዶሮ ታቅፋ ነበር። ባለቤቶቹ «እስክትፈለፍል ጠብቅ» አሉኝ፤ ጠበቅሁ። ምን ላድርግ? ዶሮዋ ከኔ ቀድማ ነው የገባችው።

የሰበሰብኩትን ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እለየዋለሁ። ቫልቭ አናቷ ላይ ከውስጥ በኩል የተቀባ መስታወት የመሰለ ብርማ ነገር አላት። ብሩ ካበራ በሕይወት አለች። ወተት መስሎ ከነጣ አየር ገብቶባታል፤ ሞታለች፣ ዕድር ጥራ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ይዤ ቀስ ብዬ አወዛውዛታለሁ፤ ከተንሿሿች ውስጧ የተበጠሰ አለ። ደህናዋን በጥጥ ጠቅልዬ በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ደርድሬ በአውቶቡስ እልካለሁ። ረዳቱ ሁልጊዜ «እንቁላል ነው?» ይለኛል። «አዎ፣ የብረት ዶሮ ጥላው ነው፤ ከተሰበረ አንተን አስቀምጬ አስታቅፍሃለሁ።»

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። አማርኛውን ያስተማረኝ የጎልማሶች ትምህርት ነው። የፈረንጁን ፊደል ግን ያስተማረችኝ ቫልቭ ናት። እያንዳንዷ ስሟ ሆዷ ላይ በቀለም ተጽፏል፤ ኢኤል ሰማንያ አራት፣ ኢዜድ ሰማንያ እየተባለ። ከዚያ በፊት የምለያቸው እንደ በግ ነበር፣ በመልካቸው፤ ይቺ ወገቧ ቀጭን፣ ያቺ ቀሚሷ ወንፊት እያልኩ። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ጽሑፉን ብቻ እያየሁ ዓይኔ ሰንፎ ነበር። ለምን ይህን እንደምናገር አሁን ይመጣል።

መካነ ሰላም ውስጥ አንዲት አሮጊት አሉ። ባላቸው ደሴም እዚህም ራዲዮ ሲጠግኑ ኖረው ከሞቱ ቆዩ። ትተውት የሄዱት አንድ ትልቅ የእንጨት ራዲዮና አንድ ሣጥን መለዋወጫ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ቫልቭ እንዳለ ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። በመጨረሻ ሄድኩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እማማ።» እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን በኛ አገር ሰላምታ የማንም ርስት አይደለም።

«ወአለይኩሙ ሰላም። ቆራሌው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ግባ፣ ቁጭ በል።»

ራዲዮዋ ከግድግዳው ሥር በዳንቴል ተሸፍና ተቀምጣለች። ከራዲዮዋ አጠገብ ልጃቸው ቆሟል፤ ገበያው ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያለው፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ጎልማሳ። በእጁ ሜትር ይዞ ግድግዳውን ይለካል። ለእናቱ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቷል፤ የሚቆምበት ቦታ የራዲዮዋ ቦታ ነው።

«ውሰዳት በናትህ» አለኝ። «ሬሳ ናት። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ አልጋ በያዘ ሰሞን ነው ዝም ያለችው።»

«አልሞተችም!» አሉ እናትየው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ስማ፣ የኔ ልጅ። ባለቤቴ ሊሄድ ሲል ‹አልሞተችም፣ አምፖሏ ነው የደከመው፣ ምትኩ ሣጥኑ ውስጥ አለ› ብሎኛል። እሱ ደሞ ዋሽቶኝ አያውቅም። ይኼ ልጅ ግን አባቴ የደከመ ዕለት የተናገረው ነው እያለ ይስቅብኛል። እንግዲህ አንተ አናግራት። ከተናገረች ሣጥኑን ከነሙሉ ዕቃው ባርኬ እሰጥሃለሁ፣ እሷም ከቦታዋ አትነሳም። ካልተናገረች እሱ ያለው ይሁን፤ ሁለቱም ለቆራሌ በኪሎ ይሂዱ።»

«እኔ ቆራሌ…»

«አይደለህም፣ ሰምቻለሁ።»

የዚያን ቀን የራዲዮዋን ጀርባ ከፈትኩ። አቧራው እንደ በርበሬ ነው የቦነነው፤ አሮጊቷ በሻሻቸው አፋቸውን ይዘው «ያረቢ፣ ይኼን ጉድ ለእንግዳ አሳየሁ!» እያሉ አፈሩ። ካፓሲተር የሚባሉትን ያረጁ ጥቃቅን ዕቃዎች አውጥቼ አዲስ በይጄ ቀየርኩ። ሽቦዋ ጤነኛ ነው። ትራንስፎርመሯ ጤነኛ ነው። ቫልቮቿን አንድ በአንድ አየሁ፤ ድምፁን አጉልታ ወደ ድምፅ ማውጫው የምትልከው ኢኤል ሰማንያ አራት አናቷ ወተት ሆኗል። ሟቹ ባላቸው እውነታቸውን ነበር! የሞተችው ራዲዮዋ አይደለችም፣ አንዷ አምፖሏ ናት። ከሣጥኑ ክዳን ሥር አጮልቄ የዚችኑ ስም የተጻፈባቸው ትናንሽ ካርቶኖች አየሁ። ቀኑ መሽቶ ስለነበር በገበያው ቀን ተመልሼ እጨርሳለሁ ብዬ ሄድኩ።

መንገድ ላይ እንዳለሁ የአዲስ አበባው ደንበኛዬ ደወለ።

«ኢኤል ሰማንያ አራት፣ ጥንድ፣ ከአንድ ፋብሪካ አብረው የወጡ ከየትም ብለህ ፈልግልኝ። አንዷ ለግራ ጆሮ፣ አንዷ ለቀኝ ጆሮ። ገዢው እየነዘነዘኝ ነው። ነጠላ አልፈልግም፣ ሰማህ? ነጠላ ለምንም አይሆነኝም።»

«ሣጥን አግኝቻለሁ» አልኩት።

«የምን ሣጥን?»

«ዝም ብለህ ጠብቅ» ብዬ ዘጋሁበት። እንደዚያ ቀን መንገዱ ላይ ብቻዬን ስቄ አላውቅም።

በገበያው ቀን በጠዋት ደረስኩ። ጉሙ ገና ከሰፈሩ አልተነሳም፤ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። አሮጊቷ በር ላይ በፈገግታ ተቀበሉኝ።

«አብሽር፣ ዛሬ አላዋርድህም። ና፣ ና ግባ!»

ገባሁ። መሬት ላይ ሰፌድ፣ ሰፌዱ ላይ ነጭ ነጠላ፣ ነጠላው ላይ ቫልቮች። ሁሉም። ከሣጥኑም፣ ከራዲዮዋ ሆድም ወጥተው፣ ተቀላቅለው፣ እንደ ሰርግ ቤት የሻይ ብርጭቆ እያብረቀረቁ።

«በአመድና በሎሚ ነው ያሸኋቸው» አሉኝ። «እንግዳ ከነአቧራው ዕቃ አይሰጠውም። ሆዳቸው ላይ የነበረው ቀለም እንኳ እንዴት ብሎ ተጣበቀ መሰለህ፤ ስፈገፍግ ነው ያመሸሁት!»

አንዷን አነሳሁ። ባዶ። ሌላዋን አነሳሁ። ባዶ። ስም የለም፣ ቁጥር የለም፣ እንደተወለደች።

«ካርቶኖቹስ፣ እማማ?»

«አይጥ በልቷቸው የለ እንዴ! እሳት አቀጣጠልኩባቸው።»

«ራዲዮዋ ውስጥ የነበሩትን እንኳ ለብቻ…»

«ለብቻ ለምን? እነሱስ ልጆቿ አይደሉ?»

ልጅየው ከበሩ ሥር ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ምላሴ ላይ የተሰለፈውን ስድብ ሁሉ ዋጥሁ። በምድር ላይ ካሉ ቤቶች ሁሉ ቫልቭ ለእንግዳ ብሎ በሎሚ የሚታጠብበት ቤት የኛ አገር ቤት ብቻ ይመስለኛል። ግን ክብር ሰጥተውኝ ነው። ለክብር ምን ይመለሳል?

«እጅዎ ይባረክ» አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

ነገሩ እንዲገባችሁ፤ የነዚያ ቫልቮች እግር ሁሉ አንድ ነው። ዘጠኝ ዘጠኝ ቀጫጭን እግር። ማንኛዋም ማንኛውም ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች። ያለቦታዋ የገባች ግን ትራንስፎርመሩን ልታቃጥል ትችላለች፤ ያ ከተቃጠለ ደግሞ የሰውየውም ቃል፣ የኔም ሣጥን አብረው ተቃጠሉ።

ቁጭ አልኩና በሩ ላይ ወዳለው ብርሃን ዞርኩ። ጽሑፍ ከሌለ እንግዲህ ወደ በጎቼ መመለስ ነው። ይቺ ውስጧ ጭር ያለ፣ ሁለት ክፍል ብቻ ያላት፤ የመብራቱን ኃይል የምታስተካክለው ናት። ወዲህ። ይቺ ወንፊት ቀሚስ የለበሰች፤ ወዲያ። ይቺ ፎቅና ምድር ያላት። ይቺ ከታች ጥቃቅን ስኒ የመሰለ የተንጠለጠለባት። አረንጓዴ ዓይን ያላት ራሷ ትታወቃለች፤ ጣቢያ ሲያዝ የምታበራዋ ናት። ዓይኔ መጀመሪያ ተርበተበተ፤ ከዚያ እንደ ድሮው ሮጠ! እጄ ከአፌ ቀድሞ ይለያል። አሮጊቷ እያዩኝ «ማሻአላህ፣ እንደ ምስር ለቀማቸው» አሉ።

ቀረች ዋናዋ፣ ትከሻ ሰፊዋ፣ ኢኤል ሰማንያ አራት። የሷ መልክ ያላቸው ብዙ ነበሩ። ሰውየው የሞተ አይጥሉም ኖሯል፤ አብዛኞቹ ወተት ናቸው። ብራቸው የሚያበራ ሦስት ብቻ ቀሩ። ሦስቱም ቁርጥ እህትማማች። ግን ይህችን የሚመስሉ፣ ስማቸውም አቅማቸውም ሌላ የሆኑ ባዕዶች እንዳሉ አውቃለሁ። በመልክ አይለዩም። በጽሑፍ ብቻ ነው። ጽሑፉ ደግሞ ከአመድ ጋር ጓሮ ተደፍቷል።

አሮጊቷ ሻይ ሊያመጡ ወጡ። ይኼኔ ልጅየው ጠጋ አለኝ።

«ስማ፣ ጋሼ። ለምን ትደክማለህ? ሞታለች በላት። ሣጥኑን እንደሁ እኔ በጓሮ በር አወጣልሃለሁ። አንተም ዕቃህን፣ እኔም ቦታዬን።»

ክፉ ሐሳብ አልነበረም። እውነቱን ልናገር፣ ለእኔ ከእናትየው ውል ይሻላል፤ አንድም ቫልቭ ሳልነካ ሁሉንም ይዤ እወጣለሁ። አንገቴን ደፍቼ አንዷን ትከሻ ሰፊ ወደ ፊቴ አስጠጋሁና በረጅሙ ተነፈስኩ።

ብርዱ ነው ያደረገው። ትንፋሼ መስታወቱ ላይ ጉም ሆኖ አረፈ፣ በጉሙ መካከል ፊደል ቆመ! ቀለሙ የለም፤ ቀለሙ የነበረበት ቦታ ግን ጉሙን እንደ ሌላው አልያዘውም። ኢ። ኤል። ሰማንያ። ከማለቁ በፊት ጠፋ። እንደገና ተነፈስኩ፤ አራት!

«እማማ! ኑ! ኑ ይመልከቱ!» ጮህኩ። ልጅየው ደንግጦ ዘለለ።

አሮጊቷ ሻዩን እንደያዙ ገቡ። ተነፈስኩላቸው።

«ቢስሚላህ! ጻፈች እኮ! ምን አለች?»

«ስሟን ተናገረች።»

«አጥቤያት ነበር እኮ!»

«ቆዳዋን ነው ያጠቡት፣ ስሟን አይደለም።»

ሁለተኛዋ ላይ ተነፈስኩ፤ ኢኤል ሰማንያ አራት፣ ያው የፋብሪካ ምልክት፣ ያው አጻጻፍ። ሦስተኛዋ ላይ ተነፈስኩ፤ ሌላ ስም፤ ባዕዷ እሷ ነበረች። ጎልማሳ ሆኖ ፊደል የተማረ ሰው ካለ ያውቀዋል፤ በገዛ ትንፋሼ የመጣ ጽሑፍ በገዛ አፌ ሳነብ ብድግ ብዬ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ገባኝ። በሕይወት ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ጊዜ፣ መንትያ። አዲስ አበባ የሚነዘንዝባቸው ጥንድ በእጄ ላይ ናቸው። ራዲዮዋም አንዷን ትፈልጋለች። አንዷን ከሰጠኋት ጥንድ የሚባል ነገር የለም፤ «ነጠላ ለምንም አይሆነኝም» ብሎኛል። ባዕዷን ብሰካ ደግሞ ራዲዮዋ ዝም ትላለች፤ ማንም አያውቅብኝም። ልጅየው በዓይኑ ጠቀሰኝ።

ደግ ሰው ነኝ አልልም፤ የሚያውቀኝ ይስቃል። ግን ያቺን ራዲዮ ጀርባዋን ከፍቼ፣ ሽቦዋን ነክቼ፣ በመልኳም በስሟም ለይቼ፣ ትናገር እንደሆን ሳልሰማ ልወጣ? ጉጉቱ ይገድለኝ ነበር። መንትያዋን ሰካኋት።

ከቦርሳዬ የድሮውን ዓይነት ባለሽቦ የቤት አምፖል አወጣሁ። እሱን ከራዲዮዋ ጋር በተርታ አገናኘዋለሁ፤ ውስጧ የተነካካ ነገር ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፣ ጤነኛ ከሆነች ቦግ ብሎ ይደበዝዛል። «እንግዲህ» አልኩና ሶኬቱን ሰካሁ።

አምፖሉ ቦግ አለ። ቦግ እንዳለ ነው። ኧረ ደብዝዝ አንተ ውሻ! ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ደበዘዘ። ራዲዮዋ ግን ዝም።

«ይኸው» አለ ልጅየው፣ ሜትሩን እየዘረጋ። «አላልኩም? ሬሳ።»

«ዝም በል!» አሉት እናቱ። «የዛሬ ዕቃ መሰለችህ? አባትህ መጀመሪያ ይከፍታታል፣ ከዚያ ወጥቶ ለሶላት ውዱእ ያደርጋል፣ እግሩን አጥቦ ሲመለስ ነው እሷ የምትናገረው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር።»

ከዚያ እሳቸው ያንኑ ውዱእ ያለ ውሃ፣ በደረቁ ጀመሩ። እጃቸውን እንደሚታጠብ አሻሹ። አፍ። አፍንጫ። ፊት። በቫልቮቹ ሆድ ውስጥ ፍሙ መቅላት ሲጀምር ከጀርባዋ በኩል አየሁት፤ አንዷ፣ ሌላዋ፣ ከዚያ ትከሻ ሰፊዋ። ክንድ። ራስ። ጆሮ። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ወደ እግራቸው ሲያደርሱ አረንጓዴው ዓይን ተገለጠ።

«እምምምም» አለች ራዲዮዋ።

ቁልፏን ዞር አደረግሁ። እንደ ክረምት መብረቅ ተንጣጣች። ፉጨት። አረብኛ፣ ሄደ። ከዚያ የአንድ ሰው ድምፅ በአማርኛ፣ ወፍራም፣ ሙቅ፣ ቤቱን የሞላ፣ አጠገባችን የቆመ፤ ስለ ድንች በሽታ ይናገራል።

«ስለ ድንች ነው?» አሉ አሮጊቷ።

«ስለ ድንች ነው።»

«ይሁን። ተናግራለች። አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው ስለ ድንች የሚነገረውን እስከ መጨረሻው ሰሙ። አንዴ ብቻ፣ «አልዋሸኝም» ሲሉ ሰማኋቸው።

ልጅየው ሜትሩን ኪሱ ከተተ። ወደ ራዲዮዋ ሄደና አንድ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳረፈ፤ አላዞረውም።

«ይችን ስነካ አባቴ በኩርኩም ነበር የሚለኝ» አለ።

«ንካት እንግዲህ፣ ማን ይመታሃል?» አሉት።

«አንቺ።»

«አዎ፣ እኔ» አሉት፣ ሳቁም ልቅሶውም ተደባልቆባቸው። እሱ ለቴሌቪዥኑ ሌላኛውን ግድግዳ ሊለካ ሄደ።

ሣጥኑን ባርከው ሰጡኝ። በሩ ላይ «ከእንግዲህ ቆራሌ ነው የሚልህ ቢኖር ለኔ ንገረኝ» አሉኝ። ተሸክሜው በገበያው መሐል ሳልፍ «ዛሬ ደግሞ ሙሉ ሣጥን ቆርቆሮ!» ያለኝ ነበር፤ ለስድብ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፣ ጆሮዬ ውስጥ ያ ሰው ገና ስለ ድንች እያወራ ነው።

ቤት ስደርስ ስልኩ ጮኸ።

«ጥንዱን አገኘህ?» አለኝ የአዲስ አበባው።

«አገኘሁ። መንትያ ናቸው፣ ብራቸው እንደ መስታወት።»

«ተባረክ! ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ላካቸው።»

«አንዷን ነው የምልከው።»

«እንዴት አንዷን? ሌላዋ ተሰበረች እንዴ?»

«አልተሰበረችም» አልኩት። «ሥራ ላይ ናት።»